የሙያ ትምህርት፦ ኢንስትሩመንቴሽን ምን ዓይነት ሙያ ነው? ገንዘባችንን ከመላካችን በፊትስ ምን እንጠይቅ?

  

ባለፈው አርብ ስንገናኝ አንዲት እኅት ጥያቄ ይዛ መጣች። "ታናሽ ወንድሜ 'ኢንስትሩመንቴሽን ልማር፣ ክፈይልኝ' ብሎ ደወለ። ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ያሠራል ይላል። ምንድን ነው እሱ? ልክፈልለት ወይስ ይቅርብኝ?" አለችን። ከመካከላችን አንዷ "ኢንስትሩመንት ሙዚቃ አይደለም እንዴ? ክራር ሊማር ነው?" ስትል ሁላችንም ሳቅን።

እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን አልሳቀም። ምክንያቱም እኔ ለዚሁ ትምህርት ለታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት ተኩል ከፍያለሁ። እሱ የሚማረውን ደብተር በስልክ እያነሳ ይልክልኝ ነበር። እኔም ማታ ሥራ ስጨርስ አነበዋለሁ። እሱ ያልገባውን ለእኔ ያስረዳኛል፣ እኔ ያልገባኝን እጠይቀዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሙያውን ከሩቅ አወቅሁት። ገንዘቡ ምን እንደሆነ ደግሞ ከታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሙያው ራሱ ምን እንደሆነ እንማር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና።

1. ሙያው ምንድን ነው?

ኢንስትሩመንቴሽን ማለት በፋብሪካ ውስጥ የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎችን የመትከል፣ የመፈተሽ፣ የማስተካከልና የመጠገን ሙያ ነው። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ሰው እጁን ነክሮ "ሞቋል፣ አልሞቀም" ሊል አይችልም። በርሜሉን ከፍቶ "ሞልቷል፣ አልሞላም" ሊል አይችልም። ስለዚህ በየቧንቧውና በየጋኑ ላይ መለኪያ ይተከላል፣ መለኪያው ያየውን ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ይልካል።

እኛ የምንኖርበት አካባቢ ራሱ ምሳሌ ነው። ከጂዛን ከተማ በስተሰሜን፣ ቤይሽ አካባቢ፣ በቀን 400 ሺህ በርሜል ድፍድፍ ዘይት ለማጣራት የተሠራው የአራምኮ ማጣሪያ አለ። ከእሱም ወደ ሰሜን በባሕሩ ዳር ሹቀይቅ ላይ የባሕር ውሃ ጨዉን ለይተው ለመጠጥ የሚያደርጉ ፋብሪካዎች አሉ፤ ከነሱ አንዱ፣ ሹቀይቅ 3 የሚባለው፣ በቀን 450 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያወጣ የተሠራ ነው። ሳህን የምናጥብበት የክልሉ ውሃ በብዙ ሺህ መለኪያዎች ፊት ካላለፈ ከቧንቧችን አይደርስም።

2. አራቱ መለኪያዎች በምንሠራበት ቤት

በፋብሪካ የሚለኩት ዋና ዋና ነገሮች አራት ናቸው፦ ሙቀት፣ ግፊት፣ የፈሳሽ ከፍታ፣ ፍሰት። እነዚህን አራቱን በየቀኑ እንነካቸዋለን፣ ስማቸውን ስላላወቅን ነው እንጂ።

ሀ) ሙቀት። መክዋውን (ካውያውን) ስትሰኩት መብራቱ ይበራል፣ ሲግል "ጠቅ" ብሎ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይበራል። ማን አጠፋው? ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ አለ። ሲሞቁ አንዱ ከሌላው የበለጠ ይለጠጣል፣ ስለዚህ ጎብጦ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ይህ ቴርሞስታት ይባላል። የውሃ ማሞቂያውም (ሰኻኑም) የራሱ ቴርሞስታት አለው። በፋብሪካ ግን ጠቅ ማለት ብቻ አይበቃም፣ ስንት ዲግሪ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ለዚህ ከሚጠቀሙበት አንዱ ከፕላቲኒየም የተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው። ሽቦው በ0 ዲግሪ ላይ 100 ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም አለው፤ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ይሆናል። ኦሙን ለክተው ሙቀቱን ያውቃሉ።

ለ) ግፊት። አገራችን ሳለን ባቄላ ለመቀቀል ስንት ሰዓት ይፈጅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጂዛን ከባሕር ጠለል ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ፕሬሸር የምንለው ድስት ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ይደርሳል፣ ለዚህ ነው ሥጋው ቶሎ የሚበስለው። ከላይ የሚፉጨው ክብደት ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ የተቀመጠ ነው። እኅቶች፣ ቀዳዳው በምግብ ሲደፈን ድስቱ ሊፈነዳ ይችላል፣ ሁልጊዜ ሳትጠቀሙበት በፊት እዩት! የሴትዮዋን የደም ግፊት የምትለኩም ይህንኑ ሥራ ነው የምትሠሩት። በፋብሪካ የምታዩት ክብ ሰዓት የሚመስለው የግፊት መለኪያ ቡርዶን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1849 ያስመዘገበው ነው። ውስጡ የታጠፈ የብረት ቱቦ አለ፤ ግፊት ሲገባበት ሊዘረጋ ይሞክራል፣ ያኔ ቀስቱን ያንቀሳቅሳል።

ሐ) የፈሳሽ ከፍታ። ገሳላው (ልብስ ማጠቢያው) ውሃው ሲበቃው በምን ያውቃል? በብዙዎቹ ውስጥ ከጋኑ ሥር ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አለ። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፣ የታመቀው አየር ማብሪያና ማጥፊያውን ይገፋል። ማለት ከፍታን በግፊት ለካው! በትላልቅ የፋብሪካ ጋኖችም አንዱ መንገድ ይኸው ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ከሥሩ 1 ባር ገደማ ግፊት ይፈጥራል፤ 5 ሜትር ከሆነ ግማሽ ባር። ጣሪያ ላይ ያለው ኸዛን ከፍ ባለ ቁጥር የታች ቧንቧ የሚበረታውም ለዚህ ነው።

መ) ፍሰት። አልጋ ላይ የዋለ ሰው የምታስታምሙ እኅቶች ጉሉኮስ ሲሰጥ ነርሷ ጠብታውን በሰዓት ስትቆጥር አይታችኋል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ማለት ፍሰት ነው። የቤቱ የውሃ ቆጣሪም ፍሰት እየደመረ ነው የሚቆጥረው።

3. ዓይን፣ አእምሮ፣ እጅ

መለካት ብቻውን ጥቅም የለውም። እናንተ ወተት ስታፈሉ ዓይናችሁ ወተቱ ላይ ነው። ከፍ ሲል ያያል፣ አእምሯችሁ "ሊገነፍል ነው" ይላል፣ እጃችሁ ጋዙን ይቀንሳል። ከዚያ እንደገና ታያላችሁ። ፋብሪካም እንዲሁ ነው። ዓይኑ ሴንሰር ይባላል። አእምሮው ኮንትሮለር ይባላል፣ ዛሬ ዛሬ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። እጁ ደግሞ ቫልቭ ነው፣ ቧንቧውን ይከፍታል ይዘጋል። ሦስቱ እየተዞሩ የሚሠሩበት መስመር "ሉፕ" ይባላል። አንድ የኢንስትሩመንት ቴክኒሺያን የሚውለው እነዚህን ሉፖች በመጠበቅ ነው። ወተቱ ከገነፈለ ዓይኑ ነው የታመመው፣ አእምሮው ነው ወይስ እጁ? ይህን ለይቶ ማግኘት ነው ሙያው።

4. ከ4 እስከ 20፦ የሚስኮሉ ትምህርት

ይህን ክፍል ስማር በጣም የወደድኩት ነው። ሴንሰሩ ያየውን በሽቦ የሚልከው በኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። የተለመደው ስምምነት ከ4 ሚሊ አምፒር እስከ 20 ሚሊ አምፒር ነው። ጋኑ ባዶ ሲሆን 4፣ ሙሉ ሲሆን 20፣ ግማሽ ሲሆን 12 ይልካል። ለምን ባዶው 0 አልሆነም? እኔም ይህን ነው ወንድሜን የጠየቅሁት።

መልሱ እንዲህ ነው። እኔና እናቴ ስምምነት አለን። ገንዘብ ባይኖረኝም፣ የምናገረው ነገር ባይኖረኝም በየሳምንቱ ሚስኮል አደርጋለሁ። ሚስኮል ከመጣ "ልጄ ደህና ናት፣ ወሬ ግን የላትም" ማለት ነው። ሚስኮሉ ከቀረ አንድ ነገር ሆኛለሁ ማለት ነው። 4 ሚሊ አምፒር ሚስኮል ነው። "ጋኑ ባዶ ነው፣ እኔ ግን በሕይወት አለሁ" ይላል። 0 ከመጣ ግን ሽቦው ተበጥሷል ወይም መለኪያው ሞቷል። ባዶው 0 ቢሆን ኖሮ የጋኑን ባዶነትና የሽቦውን መበጠስ መለየት አይቻልም ነበር።

ስሌቱም ቀላል ነው። ከመጣው ቁጥር ላይ 4 ቀንሱ፣ ለ16 አካፍሉ፣ በጋኑ ሙሉ ከፍታ አባዙ። ጋኑ 10 ሜትር ከሆነና 8 ሚሊ አምፒር ከመጣ፦ 8 ሲቀነስ 4 እኩል 4፤ 4 ለ16 ሲካፈል ሩብ፤ ሩብ ሲባዛ በ10 እኩል 2.5 ሜትር። ይህን ያወቀ ሰው የሙያውን አንድ ትልቅ በር ከፍቷል።

5. ውሸታም መለኪያ

መለኪያ ይዋሻል። ስለዚህ በየጊዜው ይፈተሻል፣ ፈተሻውም ካሊብሬሽን ይባላል። ቤታችሁ ውስጥ የምግብ ቴርሞሜትር ካለ ራሳችሁ ሞክሩት። በረዶ የሞላበት ውሃ ውስጥ ስትነክሩት 0 ማለት አለበት። 3 ካለ በ3 ዲግሪ ይዋሻል። እዚህ ጂዛን በሚፈላ ውሃ ውስጥ 100 አካባቢ ማለት አለበት። አዲስ አበባ ብትወስዱት ግን 92 ቢል ውሸት አይደለም! የሚፈትሸው ሰው የቦታውን ሁኔታ ማወቅ አለበት ማለት ነው።

የመለኪያ ውሸት ምን እንደሚያመጣ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2005 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ ሲቲ በሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ነው። ቁመቱ 52 ሜትር የሚሆን ማማ ውስጥ ፈሳሽ እየተሞላ ነበር። የከፍታ መለኪያው የተሠራው የታችኛውን 3 ሜትር ገደማ ብቻ እንዲያይ ነበር፣ እሱም በትክክል አልተስተካከለም። ፈሳሹ እስከ 48 ሜትር ሲወጣ መለኪያው "ከ3 ሜትር በታች ነው፣ እየወረደም ነው" ይል ነበር። ከልክ ሲያልፍ መጮህ የነበረበት ሌላው ማስጠንቀቂያም አልጮኸም። ፈሳሹ ገነፈለ፣ ተነነ፣ ተቀጣጠለ። 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ሰዎች ቆሰሉ። ሌሎችም ብዙ ጥፋቶች ተደራርበው ነበር፤ ነገር ግን ያ መለኪያ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ሠራተኞቹ በጊዜ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ይህ ሙያ የብሎን ማጥበቅ ብቻ አይደለም፣ የሰው ነፍስ አደራ ነው።

6. ሥልጠናው በአገራችን

በአገራችን በመለኪያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ያመረተው ወንጂ፣ እነ መተሐራና ፊንጫ፣ እነ ሙገር ሲሚንቶ፣ ቢራ ፋብሪካዎች፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ፣ ሁሉም የመለኪያ ባለሙያ ይፈልጋሉ።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው ኤሌክትሪካል ምህንድስና ይገባና በመጨረሻዎቹ ዓመታት የኮንትሮል ዘርፍ ይመርጣል። ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ መንገድ ነው፣ ለብዙዎቻችን ቤተሰብ የሚቀርበውም ይኸኛው ነው። እዚህ ሥልጠናው በደረጃ ይሰጣል፦ ደረጃ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እየተባለ። ትምህርቱ በየኮሌጁ "ኢንስትሩመንቴሽን" በሚል ስም ላይገኝ ይችላል፤ በኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ፣ በኤሌክትሮኒክስ ወይም በሜካትሮኒክስ ሥር ይሰጣል። ስለዚህ ወንድማችሁ ሌላ ስም ቢነግራችሁ ዋሸ አትበሉት፣ ምን ምን እንደሚማር ጠይቁት። አዲስ አበባ ያለው ተግባረ ዕድ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሙያ ሲያስተምር የኖረ ነው። ባሕር ዳርም በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው አካል ሆኗል።

የሚማሩት በቅደም ተከተል ሲቀመጥ ይህን ይመስላል፦
— ሂሳብ፦ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ቀላል ቀመር፤
— ኤሌክትሪክ፦ ቮልት፣ አምፒር፣ ኦም፣ በቴስተር መለካት፣ ንድፍ ማንበብ፤
— አራቱ መለኪያዎችና ካሊብሬሽን፤
— ቫልቮችና ኮንትሮለሮች፣ ፒኤልሲ የሚባለውን የፋብሪካ ኮምፒውተር ማዘዝ፤
— የሥራ ደኅንነት፤
— በመጨረሻ ፋብሪካ ገብቶ የትብብር ሥልጠና።

እንግሊዝኛም ያስፈልጋል፣ የመሣሪያዎቹ መመሪያ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነውና። ሲጨርስ የብቃት ምዘና ይወስዳል፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን። የኮሌጁ ወረቀት ያለ ሲኦሲ ግማሽ ነው።

7. እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ወንድሜ የገባው በአንድ የግል ኮሌጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የማልጠራውም ትምህርቱ ከስሙ በላይ ስለሆነ ነው። "ደረጃ 4 እናስመርቃለን፣ ሥራ እናስገባለን" ብለው ተቀበሉት። በየወሩ 300 ሪያል ላክሁ። 30 ወር ሲሆን 9,000 ሪያል ሆነ። አንድ ቀን ልብስ አልገዛሁበትም። ለምዘና ሲሄድ ግን "ኮሌጃችሁ በዚህ ሙያ ፈቃዱ እስከ ደረጃ 2 ብቻ ነው፣ በ4 ልትመዘን አትችልም" ተባለ። ያን ለሊት ደውሎ አለቀሰ። እኔም መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ ማዳም እንዳትሰማ።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብን። ግን ዋናው ጥፋት የማን ነበር? የኮሌጁ ነው፣ እሺ። እኔም ግን አንድ ጊዜ እንኳን "ፈቃዳቸውን አይተሃል?" ብዬ አልጠየቅሁም። ጨርቅ ስንገዛ ስንት ጊዜ እንለካለን! አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ ይባል የለ? እኔ ሳልለካ ነው የቆረጥሁት።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። ወንድሜ የተማረው ከአእምሮው አልጠፋምና ወደ መንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ሄደ። መጀመሪያ በደረጃ 2 ተመዝኖ አለፈ፣ ከዚያ አንድ ፋብሪካ ረዳት ሆኖ ገባ። ደረጃ 3ን በማታ ጨረሰ። ዘግይቷል፣ ግን ሙያውን ይዟል።

8. ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የሚጠየቁ ሰባት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ኮሌጁ ለዚህ ሙያ፣ ለዚህ ደረጃ፣ በዚህ ካምፓስ ፈቃድ አለው ወይ? ሦስቱም ይጠየቁ። ለአንድ ሙያ የተሰጠ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም፣ ለአንዱ ካምፓስ የተሰጠም ለሌላው አይሆንም። የፈቃዱን ወረቀት ፎቶ አስነስታችሁ፣ ፈቃድ ከሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘንድ ቤተሰብ ሄዶ እንዲያጣራ አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት ያስመረቃቸው ሲኦሲ አልፈዋል ወይ? ከተመራቂዎቹ አንዱን በስልክ አነጋግሩ።

ሦስተኛ፣ ወርክሾፕ አላቸው ወይ? ተማሪው በእጁ የሚነካው ትራንስሚተር፣ ቫልቭና ፒኤልሲ አለ ወይስ በሥዕል ብቻ ነው?

አራተኛ፣ የትብብር ሥልጠናው በየትኛው ፋብሪካ ነው? የፋብሪካውን ስም ካልነገሯችሁ ተጠንቀቁ።

አምስተኛ፣ የመግቢያው መስፈርት ምንድን ነው? የድሮው የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ስለቀረ አሠራሩ ተለውጧል። የድሮውን አስባችሁ አትወስኑ።

ስድስተኛ፣ መንግሥት ኮሌጅ ውስጥ ይኸው ትምህርት አለ ወይ? ካለ መጀመሪያ እዚያ ይሞከር።

ሰባተኛ፣ ልጁ ራሱ ሂሳብና የእጅ ሥራ ይወዳል ወይ? ወይስ "ነዳጅ ማጣሪያ" የሚለው ስም ነው የሳበው?

በተጨማሪ፦ የዓመቱን በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፤ በየሴሚስተሩ ውጤቱን አይታችሁ ክፈሉ። "በስድስት ወር አሠልጥነን አራምኮ እናስገባለን" የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት። እዚሁ ሳዑዲ ጁበይል ባለው የኢንዱስትሪ ኮሌጅ የአገሩ ልጆች ይህን ሙያ በዓመታት ነው የሚማሩት።

9. እኛስ?

"ለወንድም ብቻ ነው እንዴ የምንከፍለው? እኛስ?" የምትል እኅት ካለች፣ እውነትሽን ነው። እውነቱን እንነጋገር፦ በቤት ሠራተኛ ኢቃማ ወጥተን ፋብሪካ መሥራት አንችልም፣ "ይቻላል" ብሎ ብር የሚቀበል ሰው ወደ እስር ቤት ነው የሚመራን። ነገር ግን አንድ ቀን እንመለሳለን። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከዚህ አገር በድንገት ተመልሰዋል። ሳይዘጋጁ መመለስ ምን እንደሆነ ያየነው አይተናል።

ይህ ሙያ ደግሞ የጉልበት አይደለም። የሚፈልገው ጥንቃቄ፣ ንጽሕና፣ የተለካውን በሰዓቱ መጻፍ፣ "ይህ ድምፅ ትናንት አልነበረም" ብሎ ማስተዋል ነው። የሕፃኑን ወተት በሚሊ ሊትር የምትለካ፣ የአሮጊቷን መድኃኒት በሰዓቱ የምትሰጥ፣ የስኳር መለኪያውን ቁጥር በደብተር የምትመዘግብ ሴት ይህ ጠባይ አላት። የጎደለን ሂሳቡና ወረቀቱ ነው። ሂሳቡን ከአሁኑ መጀመር እንችላለን። በስልክ ነፃ ትምህርት አለ፣ አሮጌ የ8ኛና የ9ኛ ክፍል መጽሐፍም ከአገር የሚመጣ ሰው ሊያመጣልን ይችላል። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ያውም ካገኘን።

ያቺ እኅት "ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?" ብላ ጠይቃ ነበር። መልሴ፦ ሙያው እውነተኛ ሙያ ነው። ሰባቱን ጥያቄ ጠይቂ፣ መልሱን በወረቀት ተቀበዪ፣ ከዚያ ክፈዪ። ከአንዱ ጥያቄ ላይ እንኳን ዝም ካሉሽ፣ ዝምታው 0 ሚሊ አምፒር ነው፤ የሆነ ቦታ ሽቦው ተበጥሷል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1) ጋኑ 10 ሜትር ነው። 16 ሚሊ አምፒር መጣ። ውሃው ስንት ሜትር ላይ ነው?
2) ምድጃው ከ0 እስከ 200 ዲግሪ ይለካል። 12 ሚሊ አምፒር ቢልክ ስንት ዲግሪ ነው?
3) ኸዛኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከቧንቧው 6 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቆም፣ ቧንቧው ጋ ግፊቱ በግምት ስንት ባር ነው?
4) ለውይይት፦ ቤተሰብ ውስጥ ለሚማር ሰው የምትከፍሉ ካላችሁ፣ ከሰባቱ ጥያቄዎች ስንቱን ጠይቃችኋል? አርብ ስንገናኝ እንነጋገርበት።

መልስ፦ 1) 7.5 ሜትር። 2) 100 ዲግሪ። 3) 0.6 ባር ገደማ።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ እኅት አስተላልፉ፣ አትጣሉት። ደህና ሁኑልኝ፣ በሰላም ያገናኘን።